ቁጣችን ይባረክ

ሰው ጅማን የሚያነሳት በቡናዋ፣ በማሯና በባለሦስት እግር በርጩማዋ ነው። ቁጣችንን የሚያነሳልን ግን የለም፤ ይህ በደል ነው።

ወደ ሄርማታ ገበያ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ሁለት ባጃጆች ፊት ለፊት ሲፋጠጡ አይታችኋል? አንዱ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ቢል ሁለቱም ያልፋሉ። ክብርስ? ስለዚህ ሁለቱም ሞተር አጥፍተው ይወርዳሉ፤ ከኋላ የተደረደረው ሁሉ ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ ተሳፋሪውም «እንዳትለቅለት!» እያለ ጀግናውን ያበረታታል። ኋላ ሒሳብ ላይ ከዚሁ ጀግና ጋር አንገት ለአንገት የሚተናነቀውም እርሱው ነው። «የለዘበች መልስ ቍጣን ትመልሳለች» የሚለው የምሳሌ 15፥1 ቃል ደግሞ እዚያው ባጃጁ መስታወት ላይ በሚያምር ቀለም ተለጥፏል።

ለነገሩ ለዘብ ማለት ምን ይጠቅማል? ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ላይ የቆመውን ዳግማዊ አባ ጅፋርን ተመልከቱ። የምኒልክ ኃይል ወደዚህ ሲገፋ ጦር ከመስበቅ ግብር መክፈልን መረጡ፤ የመከሯቸውም እናታቸው ገነ ጉሚቲ ናቸው ይባላል። ምን አተረፉ? አገራቸው ሳይቃጠል፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደያዙ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 መንገሥ ብቻ! «ማን መሰልኩህ?» ሳይሉ ከ50 ዓመት በላይ ዙፋን ላይ መቀመጥ እንዴት ይሰለች ይሆን።

የእኛ ሰው እንዲህ አይዋረድም። ቢሮ ጸሐፊዋን ያስለቅሳል፤ ምሳ ላይ ወጡ በረደ ብሎ አስተናጋጁ ላይ ያፈጣል፤ ማታ የግቢው በር ሲንኳኳ ልጆቹ ድምፃቸውን ያጠፋሉ። ጎረቤትም «አፉ ነው እንጂ ሆዱ ንጹሕ ነው» ይልለታል። የተመሰገነ ሆድ! ክፉው ሁሉ በአፍ ከወጣ በኋላ ንጹሕ ሳይሆን ምን ሊሆን ኖሯል?

እርሱ ራሱ «ስናደድ ራሴን አላውቅም» ይላል። አምነዋለሁ። የሚደንቀኝ ግን ራሱን የማያውቀው ይህ ሰው ሌላውን አሳምሮ ማወቁ ነው። አለቃው በሰው ፊት ሲያንጓጥጠው «ልክ ነው ጌታዬ» ብሎ ፈገግ ይላል። እነዚያ ሁለት ባጃጆችም የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ በሰሙ ቅጽበት የጠፋችው አንድ ሜትር ትገኛለች፤ እንዲያውም «አንተ እለፍ ወንድሜ»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» እየተባባሉ ሌላ መጨናነቅ ይፈጥራሉ። የለዘበች መልስ መች ጠፋችን? ለሚቀጣን ብለን በክብር አስቀምጠናት ነው።

ስለዚህ ለከተማችን አስተዳደር አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ለጀበና ቡና ሻጯ፣ ለሊስትሮው፣ ለገበያው ተሸካሚ፣ ለአስተናጋጁና ለጸሐፊዋ አንዳንድ ፊሽካ ይታደል። ለሚስቶችና ለልጆች ሁለት ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቢሰበር መጠባበቂያ ያስፈልጋቸዋል።