ጥላ ሥር ሆኖ ስለ ፀሐይ መምከር

ሰሞኑን በአንድ የአሜሪካ ግዛት ምክር ቤት የተደረገ ክርክር በኮምፒውተሬ ሳዳምጥ አመሸሁ። የእርሻ ሠራተኞች ውሃና ጥላ በሕግ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም ነው ነገሩ። አዳራሹ ከመቀዝቀዙ የተነሣ አንዲት እንደራሴ ሻርፕ ደርበዋል። በየተናጋሪው ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠጡ፣ ተናገሩ፤ በመጨረሻም ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ይሻል ብለው ተነሡ። ይበል የሚያሰኝ ጥንቃቄ ነው። ፀሐይ ታቃጥላለች ወይስ አታቃጥልም የሚለው በችኮላ አይወሰንም።

እንዲህ ያለ አስተዋይነት ባየሁ ቁጥር ያቺ አጭር መኮትኮቻ ትዝ ትለኛለች። ወዳጆቼ ስለ እርሷ መስማት ሰልችቷቸዋል፤ እናንተ ደግሞ ቻሉኝ። በካሊፎርኒያ የሰላጣ ማሳዎች እጀታዋ ከክንድ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ጎንበስ እንዳለ ይውላል። ጥበቡን ተመልከቱ! አለቃው ከመኪናው ሳይወርድ ቀና ያለውን ሁሉ በሰነፍነት ይመዘግባል። በአንዲት ቁራጭ እንጨት ኩትኳቶም ቁጥጥርም ተገኘ። እጀታው ይርዘም ሲባል ምርቱ ይበላሻል፣ እርሻው ይከስራል ተባለ። ሰላጣ መቼም ቀና ያለ ሰው አይወድም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 መኮትኮቻዋ ታገደች፤ እጀታው ረዘመ፤ ሰላጣውም ሳያኮርፍ በቀለ። የጎበጠው ወገብ ግን በአዋጅ አልተቃናም።

ያው የካሊፎርኒያ ግዛት በ2005 የሙቀት ደንብ አወጣ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይዘጋጅ አለ። እርሻው ዛሬም አለ። አርቆ አሳቢነት ከተባለ ግን ፍሎሪዳን የሚያህል የለም፦ ከተሞችና አውራጃዎች አሠሪን ለሠራተኛህ ከሙቀት መከላከያ አቅርብ ብለው እንዳያስገድዱ በ2024 በሕግ ተከለከሉ።

ቀልዱን ልተወው። ሰው ተዝለፍልፎ እንደሚወድቅ እያወቁ ጥላና ውሃ ይሰጠው የሚለውን ማገድ ጭካኔ ነው። ጭካኔ!

የፌዴራሉ መንግሥት ይድረስላቸዋ የምትሉ ትኖራላችሁ። ከ1976 ጀምሮ ኮንግረሱ በበጀቱ ላይ ባሰፈረው ገደብ፣ ከ10 የማይበልጡ ሠራተኞች ያሉትንና የማደሪያ ሰፈር የሌለውን እርሻ የፌዴራል የደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ደንብ ሊያስከብሩበት አይችሉም። ፀሐይም ጠዋት ማሳው ዳር ቆማ ትቆጥርና አሥራ አንደኛው ካልመጣ ትመለስ ይሆናል።

ለማንኛውም፣ ያ ተጨማሪ ጥናት ኅዳር ላይ ይቀርባል ተብሏል፤ ሙቀቱ በረድ ሲል።