ጥፋቴን ሳትነግሩኝ አራት ጊዜ ቀጣችሁኝ

ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ቤተሰብ ጋ ነኝ። ከትናንት ወዲያ ማታ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እየተቀዳ ባለቤቴ ከጀርመን በቴሌግራም አራት ፎቶ ላከልኝ፣ ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዞራል፣ ሲከፈቱ አራቱም ከጣሊያን የመጡ የትራፊክ ቅጣቶች ናቸው። ቀን፣ ሰአት፣ የመንገድ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር። ነሐሴ ላይ በኪራይ መኪና ከልጆቼ ጋ አንድ ከተማ ሁለት ሌሊት አድረን ነበር፣ በነዛ ሁለት ቀናት ወደ ሆቴላችን የገባንባት አንዲት ጠባብ መንገድ ናት። አራት ጊዜ ገባን፣ አራት ቅጣት። ነሐሴ ያጠፋሁትን ጥር ላይ ነው የሰማሁት!

ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ጣሊያን ውስጥ ዜድ ቲ ኤል የሚባል ነገር አለ፣ የትራፊክ ገደብ ያለበት ክልል ማለት ነው። የድሮው መሃል ከተማ ውስጥ ፈቃድ ያለው ነዋሪ፣ ታክሲ፣ እንዲህ ያለው ብቻ ነው በመኪና የሚገባው። መግቢያው ላይ ቀይ ክብ ውስጡ ነጭ የሆነ ምልክት አለ፣ ከላይ ካሜራ አለ፣ በቃ። ኬላ የለ፣ ሰንሰለት የለ፣ የሚያስቆም ሰው የለ። ሰአቱ ደሞ እንደየከተማው ነው፣ ፍሎረንስ ብትሄዱ ከሰኞ እስከ አርብ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:30 እስከ ማታ 2:00 ዝግ ነው፣ ሌላ ከተማ ሌላ ሰአት። ለንደን እኮ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሃል ከተማ በመኪና መግባት ያስከፍላል፣ ሚላንም 7.50 ዩሮ ከፍለሽ የምትገቢበት ክልል አለ፣ ግን እሱ ክፍያ ነው፣ ከፍለሽ ትገቢያለሽ። ይሄኛው ግን ፈቃድ ከሌለሽ አትገቢም ነው።

አሁን እኔ ገደቡን እየተቃወምኩ አይደለም። መንገዶቹን አይቻቸዋለሁ፣ ሁለት አህያ ጎን ለጎን የማያሳልፉ፣ አሮጊቶች በር ላይ ወንበር አውጥተው የሚቀመጡባቸው ናቸው፣ ቱሪስት ሁሉ መኪናውን ይዞ ቢገባ መኖር አይችሉም። እሱ ልክ ነው።

አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው። ያቺን ቦታ አሁንም አይኔ ላይ ትመጣለች። ልጆቹ ኋላ ወንበር ላይ ተኝተዋል፣ ናቪጌሽኑ ወደ ቀኝ ታጠፊ ይለኛል፣ ከኋላዬ አንዱ ሞተረኛ ክላክሱን ይዞ አይለቅም፣ ፊት ለፊቴ በመብራት "ቫርኮ አቲቮ" የሚል ጽሁፍ በርቷል። ቫርኮ መግቢያ መሆኑን ገመትኩ፣ አቲቮ ደሞ አክቲቭ ነው፣ ስለዚህ መግቢያው እየሰራ ነው ክፍት ነው ብዬ ገባሁ። ለካ ተቃራኒው ነው! ካሜራው እየሰራ ነው አትግቢ ማለት ነው፣ መግባት የሚቻለው "ኖን አቲቮ" ሲል ነው። ጣሊያንኛ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ጽሁፍ ይጻፋል እንዴ? ለነገሩ ስለ ገደብ ምንም አላውቅም ነበር ማለቴ አይደለም፣ ጀርመንም የአየር ብክለትን ለመቀነስ የተከለለ ክልል አለ፣ ግን እሱ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ስቲከር ካለ ያልፋል፣ የኪራይ መኪናዎቹ ላይ ተለጥፎ ነው የሚሰጥሽ። እዛ የለመድኩትን ይዤ ሄድኩ።

አከራዩን ግን ይቅር ልለው አልችልም። ስሙን አልጠራም። ቁልፍ ሲሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ኢንሹራንስ ጨምሪ፣ የጎማ ኢንሹራንስ፣ የመስታወት ኢንሹራንስ እያለ ሲያዋክበኝ ነበር። መሃል ከተማ ካሜራ አለ ተጠንቀቂ ለማለት አንድ ደቂቃ አጣ? የት እንደማድር እኮ ጠይቆኝ ጽፏል! ቅጣቱ መጀመሪያ የሚሄደው ለሱ ነው፣ የመኪናው ባለቤት ስለሆነ፣ እሱ ስምና አድራሻዬን አሳልፎ ይሰጣል፣ ለዚህች ስራው ደሞ በያንዳንዱ 45 ዩሮ ከካርዴ ቆረጠ። ጥቅምት ላይ አራት ጊዜ 45 ተቆርጦ ሳይ የመንገድ ክፍያ መስሎኝ ዝም አልኩ፣ ኢሜል ስጽፍላቸውም "በውሉ መሰረት" ከሚል ውጪ መልስ የለም። ቅጣቱ ራሱ ገና አልመጣም ነበር፣ ይሄ ስሜን የነገሩበት ዋጋ ነው።

አባቴ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ዓባይ በረሃን ሲወጡና ሲወርዱ ነው ያረጁት። ፎቶውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። "ማነው ያስቆመሽ?" አሉኝ። ማንም አልኳቸው። "መጀመሪያ ቀን ስትገቢ ማንም ምንም አላለሽም?" አላለኝም። ዝም ብለው ቆዩና "ደጀን ላይ ትራፊክ ሲያስቆመኝ መጀመሪያ ጥፋትህን ታውቃለህ ነው የሚለኝ፣ ከዛ ነው መንጃ ፈቃዴን የሚይዘው፣ እኔም ሁለተኛ እዛ ጋ አልደግመውም" አሉ። የኔ ብሶት ይሄው ነው! በመጀመሪያው ቀን ማታ አንድ ሰው፣ አንድ ቴክስት፣ አንድ ወረቀት መኪናው ላይ ቢያስቀምጥልኝ ሶስቱን አልደግምም ነበር። ውጭ ሀገር ለሚኖር ሰው ቅጣቱን ለማድረስ 360 ቀን አላቸው፣ እኔ ግን በቅናሽ ለመክፈል ያለኝ 5 ቀን ነው! በ5 ቀን ከከፈልሽ 30 በመቶ ይቀነሳል፣ የአንዱ ቅጣት 83 ዩሮ 58.10 ይሆናል፣ የፖስታ ወጪው ተጨማሪ ነው። መከራከር ይቻላል ይላል፣ ከከፈልሽ ግን ክርክሩ አበቃ። ባለቤቴ በኔ ስም የመጣ ስለሆነ ሳይከፍት ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ነበር፣ ከአምስቱ ሁለቱ እንዲሁ ሄዱ። ትናንት አራቱንም ከፈለ፣ ምን ያድርግ።

ወደዛ የምትሄዱ ዘመዶቼ፣ በናታችሁ ሆቴላችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ክልሉ ውስጥ ከሆነ የመኪናውን ሰሌዳ ለማዘጋጃ ቤቱ እንዲያስመዘግቡላችሁ፣ ብዙ ከተማ ላይ ያደርጉታል፣ በወቅቱ እንደተላከ ደሞ አረጋግጡ። ካልሆነ መኪናውን ውጪ አቁሙና በእግራችሁ ግቡ። ቀይ ክብ ካያችሁ ከኋላ ያለው ክላክስ ይንጫጫ፣ ቁሙ።

ዛሬ ጠዋት አባቴ "በኛ ብር ስንት ይሆናል?" ብለው ጠየቁኝ፣ ከአከራዩ ጋ ተደምሮ ከ400 ዩሮ በላይ ነው። አልነገርኳቸውም።