በለቅሶ ብቻ አንተዋወቅ

የጎንደር ልጆች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የምናገራችሁ ስለ ሩጫ ነው፤ ስለ አንደበታችንም ነው። ማለዳ ከፒያሳ፣ ከማራኪ ወይም ከአዘዞ ቱታውን ለብሶ በሶምሶማ የወጣ ሰው ገና ላብ ሳይነካው ስድብ ይነካዋል። ወጣት ሴት ከሆነች ለከፋ ይከተላታል። ወፈር ያለ ሰው ከሆነ «መሬቷ አታሳዝንህም?» ይባላል። ሽበት ያለው አባት ከሆነ «አባባ፣ ማን እያሳደደዎት ነው?» የሚል ሳቅ ከኋላው ይነሣል። ይህን የሚናገረው ባዕድ አይደለም። የእኛው ልጅ ነው፣ የእኛው ወንድም ነው፤ እኛም አጠገቡ ቆመን አብረን እንስቃለን።

ልናፍር ይገባናል። ኦሎምፒክ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥን ከብበን በስስት የምናይ፣ ልጆቻችን ሲያሸንፉ እልል የምንል፣ ባንዲራው ሲሰቀል እንባ የሚተናነቀን ሰዎች ነን። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ያልተደሰተ ማን ነበር? እስቲ ያቺው ደራርቱ በልጅነቷ በአራዳ በኩል ስትሮጥ ብናገኛት ኖሮ ምን እንላት ነበር? ራሳችንን እንጠይቅ፤ መልሱንም አናድበስብስ። ብዙዎቻችን እንለክፋት ነበር።

የደራርቱን ነገር ካነሣሁ አይቀር ልጨርሰው። በዚያ ውድድር የመጨረሻውን መስመር ቀድማ ከረገጠች በኋላ ብቻዋን አልጨፈረችም። ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ አቀፈቻት፤ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ለዓመታት ከኦሎምፒክ ታግዳ የተመለሰችው በዚያ ዓመት ነበርና ዓለም ያን መተቃቀፍ እስካሁን ያነሣዋል። በጥቅምት 2002 ዓ.ም ደግሞ በኒውዮርክ ማራቶን ላይ እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ ስትደክም አይታ አበረታታቻት፣ አብረን እንሂድ አለቻት፤ ውድድሩንም ደራርቱ ራሷ አሸነፈች። ለተፎካካሪዋ ደግ መሆኗ ድሉን አላሳጣትም። የዓለም ሻምፒዮን ለባላንጣዋ ያልነፈገችውን «አይዞሽ» እኛ ለጎረቤታችን ልጅ ነፈግናት።

ወገኖቼ፣ እርስ በርሳችን የምንተዋወቀው የት እንደሆነ አስተውላችኋል? ድንኳን ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ለፋፊ ይጮኻል፣ ወንበሩና ድስቱ ይወጣል፣ ንፍሮው ይቀርባል፤ በአንድ ግንብ የምንለያይ ጎረቤታሞች ያን ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን «ለካ እዚህ ነው የምትኖሩት!» እንባባላለን። ሟቹ በሕይወት ሳለ ስንት ጠዋት በደጃችን አልፏል! ያኔ ቀና ብለን ደህና አደሩ አላልነውም። ለቅሶ መድረስ ትልቅ ባህላችን ነው፤ እንዲጎድል አልመኝም። የሚያሳዝነኝ የሰውን ስምና ሙያ፣ የልጆቹን ብዛት፣ ደግነቱን የምንሰማው የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ መሆኑ ነው።

አብሮ መሆን አያቅተንም። ጥምቀት ሲደርስ ወጣቶቻችን ማንም ሳይቀጥራቸው መንገድ ይጠርጋሉ፣ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ እየተቀባበሉ ያነጥፋሉ፣ እንግዳ ያስተናግዳሉ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ የማይተዋወቅ ሰው በየመንገዱ ተቃቅፏል። የዓመት በዓሉንና የዋንጫውን ፍቅር ለተራው ማክሰኞ የምናተርፍበት መንገድ ግን አላበጀንም። እኔ ያየሁት መንገድ ሩጫ ነው። ሜዳ መከራየት አይጠይቅም፤ መዋጮም አዳራሽም አያሻውም። ሴቱም ወንዱም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የዩኒቨርሲቲው መምህርም ጉልት ቸርቻሪዋም በአንድ አስፋልት ላይ እኩል ያልበዋል።

ሩጫ ስላችሁ የውድድሩን አስባችሁ አትፍሩ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ያለፈች፣ ዳገት የበዛባት ናት፤ ጀማሪ ሰው እዚህ በፍጥነት ልሩጥ ቢል ትንፋሹ ቶሎ ያልቅበታል። ልኩ ቀላል ነው፦ እየሮጣችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ማውራት ከቻላችሁ ደህና ናችሁ፤ ቃል ማውጣት ካቃታችሁ ፈጥናችኋልና ቀስ በሉ። ልብን የሚጠቅመውም፣ ጎረቤትን ለማወቅ የሚመቸውም ፍጥነት ይኸው እያወሩ የሚሮጡት ነው። ዳገት ላይ ሁላችንም በእግር እንሂድ። ወደ አዘዞ የሚወርደው ቁልቁለት ጉልበት ይጎዳልና አትምዘግዘጉ። ደም ብዛት ወይም ስኳር ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ መራመድም ይበቃችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ለአምስት ቀን ቢከፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው፤ ካፌ ተቀምጠን የሰው ስም ከምናነሣበት ጊዜ ያንሳል። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በአገራችን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ ጎንደር ነው። ከዚህ የተመረቁ የጤና መኮንኖችና ነርሶች ሕዝቡ ሳይታመም ራሱን እንዲጠብቅ ሊያስተምሩ በየገጠሩ ወጥተዋል። ትምህርቱ ከእኛ ግቢ ወጥቶ አገር ሲያዳርስ እኛ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለን ቀረን።

«በዚህ ጊዜ ስለ ሩጫ ይወራል?» የምትሉ አላችሁ፤ እሰማችኋለሁ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ክልላችን በምን ውስጥ እንዳለ ሁላችንም በየቤታችን እናውቃለን። ልጁን ከደጅ ለማውጣት የሚፈራ ወላጅ ቢፈራ አልፈርድበትም። ስለዚህ ከከተማ ውጡ አልላችሁም፣ በጨለማ ሩጡም አልላችሁም። በራሳችሁ ሰፈር፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ በምትታወቁበት መንገድ፣ ብዙ ሆናችሁ ውጡ። ፍርሃት የሚበረታው እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን ስንቀመጥ ነው፤ ጎረቤቱን በስም የማይጠራ ሰው ችግር ቢደርስበት ማንን ይጣራል?

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ፤ ተሸፋፍኖ ሊቀር አይገባም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም በዚህችው ከተማ፣ በቀብር ላይ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ የሙስሊም ወገኖቻችን ቁስል ገና አልደረቀም። ሩጫ ያንን ያስቀር ነበር ብዬ አላታልላችሁም። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት አብሮኝ ዳገት የሚወጣውን፣ ስደክም ቆሞ የሚጠብቀኝን ሰው «እነሱ እንዲህ አደረጉ» የሚል ወሬ ሲመጣ ደውዬ እጠይቀዋለሁ። የማላውቀው ከሆነ ግን ወሬውን አምናለሁ። እኛን ያቃጠለን ይህ አለመተዋወቅ ነው።

እንግዲህ ለየራሳችሁ ልናገር። አንተ ባጃጅ የምትነዳ ወንድሜ፣ ከሯጭ ኋላ ተጠግተህ ክላክስ አትንፋ፤ ጥቂት ራቅ ብለህ እለፍ፣ ያ ሰው ነገ ተሳፋሪህ ነው። እናንተ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ የምትውሉ ጎረምሶች፣ ለከፋ ጨዋታ አይደለም። በእናንተ አንድ ቃል ምክንያት አንዲት ልጅ ጫማዋን አውልቃ ዳግመኛ ላትወጣ ትችላለች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናንተ አባቶች፣ ወንድ ልጃችሁ ሲለክፍ ሰምታችሁ ዝም ብላችሁ ሴት ልጃችሁን ግን «ምን ልትሆኚ ወጣሽ?» ብላችሁ አትቆጡ። ቁጣችሁን ወደሚገባው አዙሩት። እናንተም የበረታችሁ ሯጮች፣ ሰዓታችሁን እያያችሁ ሰላምታ የምትነፍጉ፣ ደካማውን ጥላችሁ የምትፈተለኩ፣ ተግሣጹ ለእናንተም ነው። ለውድድር የምትዘጋጁባቸው ቀናት የራሳችሁ ይሁኑ፤ የሰፈሩ ቀን ግን ከሁሉ ዘገምተኛው ሰው ከፊት ይሁን፣ ሌላው በእሱ እርምጃ ይሂድ።

የእድር ዳኞች ሆይ፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። የአባላት መዝገብ በእጃችሁ ነው፤ የሚታመን ለፋፊም አላችሁ፤ ሰውም ያከብራችኋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ከመዋጮና ከቅጣት በፊት ይህን አጀንዳ አስቀድሙት። ከሳምንቱ አንድ ቀን ምረጡ፤ ቅዳሴንም ሶላትንም የማይነካ ሰዓት ይሁን። በጾም ወራት ርቀቱን አሳጥሩት። መነሻው የሁሉም የሆነ ቦታ ይሁን፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ደጅ ቢሆን ማንም እንግድነት አይሰማውም። ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ አውቃለሁና ጀሪካን የማቅረቡን ተራ ለሁለት ለሁለት ቤት መድቡት። ለከፋ የሰማ ሁሉ ለዳኛው ይናገር፤ ዳኛውም የለካፊውን ቤት ያንኳኳ፣ ወላጆቹን በክብር ያናግር። ለመጀመሪያው ቀን ማስታወቂያ አትለጥፉ፤ ለፋፊው ለለቅሶ እንደሚዞር በየበሩ ይዙርና እያንዳንዱን ሰው በስሙ ይጥራው።