ማን ይኖርበታል?

እሁድ ዕለት ከዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ክርክሩን ያስነሳው የመብራት ሂሳብ ነው። ወዳጃችን ወረቀቱን አውጥታ አሳየችን። "ይሄ ኤሲ ሊጨርሰኝ ነው" አለች። የዋሽንግተን ክረምት ወበቁ መከራ ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከመሃላችን ኤሌክትሪሻን የሆነው ወዲያው ስለ ሶላር ዴካትሎን አነሳ። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ውድድር ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፀሐይ ኃይል ብቻ የሚሠራ ቤት ይሠሩ ነበር። በከባድ መኪና ጭነው እዚሁ ዋሽንግተን መሃል፣ ናሽናል ሞል የሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ አምጥተው ይገጣጥሙት ነበር። ከዚያ በአሥር ዘርፍ ይወዳደሩ ነበር።

"አይቼዋለሁ እኮ!" አለ ታክሲ የሚነዳው። በ2009 ቆም ብሎ ጎብኝቶታል። የጀርመኖቹ ቤት እንደ ሳጥን ነበር፣ ግድግዳው ሳይቀር ሶላር የለበሰ። የዳርምሽታት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ አሸንፈውበታል። "ግን እስቲ ንገረኝ ወንድሜ፣ ማን ይኖርበታል? እንደኔ ያለ ሰው ዋጋውን ይችለዋል?"

ኤሌክትሪሻኑ ተቆጣ። ቤቱ ለዓይን ብቻ አይዳኝም ነበር አለ። ተማሪዎቹ ፎጣ ያጥቡ ነበር። ሰው ገላውን ሊታጠብ የሚበቃውን ያህል ሙቅ ውሃ ያወጡ ነበር። እራት ሠርተው ጎረቤት ቡድኖችን ይጋብዙ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን የክፍሉ ሙቀትና እርጥበት ይለካ፣ ቆጣሪውም ይነበብ ነበር። የተጠቀሙትን ያህል ኃይል ካላመነጩ ነጥብ ያጡ ነበር።

ወዳጃችን ይሄን ወደደችው። "እንግዳ ተቀብሎ ሂሳብ የማያስጨምር ቤት ማለት እኮ ነው" አለች።

ሹፌሩ ግን አልለቀቀም። "ዋጋውስ?" አለ ደግሞ።

እውነቱን ለመናገር ኤሌክትሪሻኑ እዚህ ላይ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ነው ስለ 2011 የነገረን። በዚያ ዓመት ዋጋ ራሱን የቻለ የውድድር ዘርፍ ሆነ። ግምቱ ከ250,000 ዶላር ያልበለጠ ቤት ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። የቤልጂየም ቡድን እና የፓርሰንስና የስቲቨንስ ኮሌጆች ጥምር ቡድን በዚህ ዘርፍ እኩል አንደኛ ወጡ። የፓርሰንሶቹ ቤት ኢምፓወርሀውስ ይባላል። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ቤት ከሚሠራው ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ከሚባለው ድርጅት ጋር ሆነው ነው የሠሩት። ከውድድሩ በኋላ እዚሁ ዲሲ፣ ዲንዉድ ሰፈር ተወስዶ የሁለት አባወራ ቤት ሆነ። ሰው ገባበት።

"እንዲህ በለኝ እንጂ!" አለ ሹፌሩ።

እኔ ከሹፌሩ ጋር ነኝ። የዋጋው ጥያቄ ከመጀመሪያው ውድድር ጀምሮ ነጥብ ሊሰጥበት የሚገባ ነበር። የ2011ን ዋንጫ የወሰደው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ቤታቸውም ድንቅ ነበር። ለእኔ ግን የዚያ ዓመት ትልቁ ሥራ ዲንዉድ ያለው ነው። ሶላሩ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ትንንሽ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ብልሃቱ ግድግዳው ላይ ነው፤ ወፍራም ኢንሱሌሽን (ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚከላከል ሽፋን)፣ አየር የማያሾልክ መስኮትና በር። ትንሽ ኃይል ለሚበቃው ቤት ብዙ ፓነል ምን ያደርግለታል? ወጪውም በዚያው ይቀንሳል።

ሶላር ሻጮች የወዳጃችንን በር ደጋግመው ያንኳኳሉ። እኔም "ከመፈረምሽ በፊት ኮርኒሱ ላይ ያለው ኢንሱሌሽን ይታይልሽ" አልኳት። ኤሌክትሪሻኑ ሦስተኛውን ቡና ሳይጠጣ መሰላል ጠየቀ።