ሰውዬው ሞቷል እኮ!

ሰሞኑን አንድ ሰው ማመስገን አምሮኛል። ስሙን አልጠራም፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች ግን «ዳኛው» እንለዋለን። ሕግ አልተማረም። ፍርድ ግን ይችልበታል። መዝገብ አያገላብጥም፣ ምስክር አይሰማም፣ ቀጠሮ አያበዛም። ፍርድ ቤት ደጅ ጫማውን የጨረሰ ሰው ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ዳኛ በስለትም አይገኝ።

ዳኛው ስሙ የገነነው «ኤጀንትስ ኦቭ ሺልድ» በሚባለው የማርቭል ተከታታይ ፊልም ላይ በሰጠው ፍርድ ነው። የሰላይም የሱፐርሂሮም ፊልም ነው። ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ በፈረንጆቹ መስከረም 2013 ጀመረው፣ ነሐሴ 2020 ጨረሰው። ሰባት ሲዝን፣ 136 ክፍል። አንዱን ክፍል 42 ደቂቃ ብንለው 95 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ዳኛው ከዚህ ሁሉ ያየው አምስት ክፍል ነው። አምስተኛው ላይም እንቅልፍ ወስዶት ነበር አሉ፤ ይህን የነገሩን እናቱ ናቸው።

ለምን አምስት? ምክንያቱ ጥልቅ ነው። ያኔ ፊልም የምናስጭነው ሰፈራችን ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበር። ፍላሻችንን እንሰጣለን፣ ልጁ ይጭንልናል፣ ከፍለን እንወጣለን። የዳኛው ፍላሽ አራት ጊጋ ናት። ግማሿን የእህቱ ሠርግ ይዞታል። በቀረችው ቦታ አምስት ክፍል ገባ፣ ሞላ። ስድስተኛውን ለማስጫን ወይ ሙሽሪትን ማጥፋት ነበረበት፣ ወይ ሚዜዎቹን። ቤተሰብ አክባሪ ነውና አላጠፋም። ፍላሿን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ፍርዱን ሰጠ።

«ፊልሙ አይረባም። በየሳምንቱ አንድ ዕቃ ይጠፋል፣ በአውሮፕላን ይሄዳሉ፣ ያመጡታል። ደግሞስ ሰውዬው ሞቷል እኮ!»

ሰውዬው ፊል ኮልሰን ነው። ክላርክ ግሬግ ነው የሚሠራው። ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ የሚለብስ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ የሰላዮች አለቃ። እርግጥ ነው፣ በ2012ቱ «አቬንጀርስ» ክፉው ሎኪ ከጀርባው ወግቶ ገድሎታል። ተከታታዩ ደግሞ የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። ሰውዬው በሕይወት አለ። ራሱ እንደሚለው ታሂቲ ሄዶ አርፎ፣ አገግሞ መጥቷል። የታሂቲን ስም በሰማ ቁጥር አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይደግማል፤ እንዳስጠኑት ልጅ። ታዲያ ምን አደረጉት? የመጀመሪያው ሲዝን ትልቁ እንቆቅልሽ ይኸው ነው። ዳኛው ግን እንቆቅልሽ አይወድም። «ሞቷል» ካለ ሞቷል።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ችሎታ ይንቃል። እኔ አልንቅም። መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምሮ ምዕራፍ አምስት ላይ ከድኖ፣ ስለ ዮሐንስ ራእይ የሚሰብክ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድፍረቱ ብቻ ያስቀናል። ደግሞ ዘፍጥረት አምስትን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የትውልድ ቆጠራ ነው፣ አብዛኛው ሰው ይህን ያህል ዓመት ኖረ ይባልና «ሞተም» ተብሎ ይዘጋል። ዳኛውም ከአምስቱ ክፍል ይዞ የወጣው ይህችኑ ቃል ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያው አካባቢ አልተሳሳተም። ፊልሙ ጎታታ ነበር። ለዚህም ምክንያት አለው። «ካፕቴን አሜሪካ፦ ዘ ዊንተር ሶልጀር» አሜሪካ ውስጥ ሚያዝያ 4 ቀን 2014 ሊወጣ ቀን ተቆርጦለታል። በዚያ ፊልም ሺልድ የተባለው የሰላዮች ድርጅት ለዓመታት ከውስጥ ሃይድራ በሚባል የጠላት ድርጅት እንደ ምስጥ ሲበላ እንደኖረ ይገለጣል። ተከታታዩ ይህን አስቀድሞ ቢያወጣ የሲኒማውን ምሥጢር ያበላሻል። ስለዚህ ወጉን ይዞ ቁጭ አለ። አንድ ዕቃ ይፈልጋል፣ አንድ ሰው ይይዛል፣ ሰዓቱን ይገድላል። እንግዳ እስኪመጣ ድስቱን የማትከፍት ባለቤት ታውቃላችሁ? እንደዚያ። ፊልሙ በወጣ በአራተኛው ቀን ክፍል 17 ተላለፈ። ድስቱ ተከፈተ።

እዚህ ላይ እኛ ታጋሾቹም ምስጋና ይድረሰን። ሰው ባገኘን ቁጥር የምንለው አንድ ነው፤ «ክፍል 17 ድረስ ብቻ ታገስ!» ብቻ! አሥራ ስድስት ክፍል ማለት እኮ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁርስህን ይዘህ ብትቀመጥ፣ ምሳ ሳትነሣ ብታይ፣ ነገሩ የሚጣፍጥልህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ለዘመድ እንኳ እንዲህ አይታገሡም። እኛ ግን ለማያውቁን ሰዎች እናዝዛለን፤ ካልታገሡ ደግሞ እንቆጣለን።

ዳኛው ብቻውን እንዳልሆነም ልናገርለት። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን ክፍል ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። ሲዝኑ ሳያልቅ ከግማሹ በላይ ተበትኗል። ሁሉም ዳኛ ሆኗል ማለት ነው። ጣቢያውም ዳኝነታቸውን አክብሮ ፊልሙን እንደ ተከራይ አንከራተተው። ማክሰኞ ምሽት 2 ሰዓት ነበር፣ ወደ 3 ገፋው፣ ወደ 4 ገፋው፣ ቀጥሎ ዕቃውን ጭኖ ዓርብ ላይ ጣለው። መጨረሻው ላይ ረቡዕ ተገኘ። ሰባት ሲዝን የቆየ ፊልም አንድ ቋሚ አድራሻ አልነበረውም።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋና ልምጣ። እኔ 136ቱንም አይቻለሁ። ምን አተረፍኩ? ቁስል። ዳኛው ምን ከሰረ? ምንም። በዳኛው ዓለም ከኮልሰን ሰላዮች አንዱ፣ ግራንት ዋርድ፣ ዛሬም ደህና ልጅ ነው። ጎበዝ፣ መልከ መልካም፣ ለባልደረቦቹ ሲል የሚደባደብ። እኔ ደግሞ ክፍል 17 መጨረሻ ላይ ያ ደህና ልጅ እዚያው አውሮፕላን ውስጥ የገዛ ባልደረቦቹን ተኩሶ ሲጥል አየሁ። ለካስ የሃይድራ ነው። ዋርድን የሚሠራው ብሬት ዳልተን ፊቱን እንኳ አልቀየረም፤ ያው ፊት ነው፣ እኛ ነን ሌላ ሰው ማየት የጀመርነው። ዳኛው ይህን ፊት አላየም። በየሠርጉ «ዋርድን የመሰለ ልጅ» እያለ ሙሽራ ያመሰግናል። እኔ ስሰማው ሙሽሪትን ማስጠንቀቅ ያምረኛል።

በዳኛው ዓለም ፊትዝ የሚባለው ሳይንቲስት ልጅ እንደ ጥንቱ አፉ አይዘጋም፤ ሐሳቡ ከምላሱ ይቀድማል። እኔ የማውቀው ፊትዝ ዋርድ ባሕር ውስጥ ከጣላቸው በኋላ የቀረችውን አየር አብራው ላለችው ሳይንቲስት ለሲመንስ ሰጥቶ፣ አንጎሉ ተጎድቶ፣ ሁለተኛው ሲዝን ላይ አንዲት ተራ ቃል ፍለጋ ጣቶቹን የሚያንቀጠቅጥ ነው። በዳኛው ዓለም ኮልሰን ሁለት እጅ አለው። እኔ አንዱን ባልደረባው ማክ በመጥረቢያ ሲቆርጠው አይቻለሁ፤ ለደግ ነው፣ ግን መጥረቢያ መጥረቢያ ነው። ስካይም ለእሱ ያቺው በመኪና ውስጥ የምትኖር ኮምፒውተር ጠላፊ ናት። ዴዚ ጆንሰን መሆኗን፣ እጇን ስትዘረጋ መሬት እንደሚንቀጠቀጥ አልሰማም። ቢሰማም አያምንም። «የቷ? ያቺ ቀጭኗ?» ነው የሚለው።

አንድ ነገር ግን አለች፣ በዳኛው የማልቀናባት። ሦስተኛው ሲዝን ላይ «4,722 ሰዓታት» የምትባል ክፍል አለች። ሲመንስ ፀሐይ የማይወጣበት ሩቅ ዓለም ላይ ብቻዋን ትጣላለች። ርዕሱ እዚያ የቆየችበት ሰዓት ነው፤ ስታካፍሉት 197 ቀን ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። ሲመንስን የምትሠራው ኤልዛቤት ሄንስትሪጅ ክፍሉን በትከሻዋ ተሸክማዋለች። መጀመሪያ ስልኳ ላይ ላለው የፊትዝ ፎቶ ታወራለች። ባትሪው ይቀንሳል። ውኃ ትፈልጋለች። ከውኃው የወጣውን ፍጥረት ገድላ ጠብሳ ትበላለች። የወትሮው ቡድን የለም፣ የወትሮው ቀልድ የለም፣ መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴትና ሰማያዊ ጨለማ ብቻ። ይህን ሳይ ሌሊት ነበር፤ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፔ 11 በመቶ ነበረው። እሷ ባትሪዋን፣ እኔ ባትሪዬን እያየን እኩል ተሳቀቅን። የእኔ ቀድሞ ሞተ። ጠዋት መብራቱ እስኪመጣ ልጅቷን እዚያ ጥያት እንደመጣሁ ሆኖ ተሰማኝ፤ ቁርስ አልወረደልኝም።

ይህን ለዳኛው ነግሬው ነበር። ማኪያቶውን እያማሰለ ሰማኝ። ሲጨርስ «ለምን አልደወለችም?» አለኝ።

ዳኛውን የሚነቅፉ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ። ከጎኑ የቆሙት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በሲኒማው ያሉት አቬንጀርሶች ራሳቸው ኮልሰን መነሣቱን አልሰሙም። የሰውዬው ሞት ነበር ያስቆጣቸው፣ አንድ ያደረጋቸው። ከዚያ ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፤ አንዱም «እንዴ፣ ያ ሰውዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል» አላለም። በ2019 «ካፕቴን ማርቭል» ላይ ክላርክ ግሬግን ሲመልሱት እንኳ ታሪኩን ወደ 1990ዎቹ ወስደው፣ ፊቱን በኮምፒውተር ወጣት አድርገው፣ ገና ሳይሞት ያለውን ኮልሰን ነው ያመጡት። የሞተውን ማን ይነካል! እነአይረን ማን አምስት ክፍል እንኳ አላዩም። ዳኛው ከእነሱ በአምስት ክፍል ይበልጣል።

ሌላው ቀርቶ ጊዜ ራሱ መሰከረለት። አምስተኛው ሲዝን ማለቂያ ላይ ኮልሰን እንደገና ሞት ደጁ ቆመ። ይህን ጊዜ ማንም አልመለሰውም፤ እሱም አልፈለገም። ግንቦት 2018 ባልደረባውን ሜሊንዳ ሜይን ይዞ እውነተኛዋ ታሂቲ ወረደ፣ ቀሪ ቀኖቹን ባሕር ዳርቻ ላይ ሊኖር። የክፍሉ ርዕስ ራሱ «መጨረሻው» ነበር፤ ሠሪዎቹ ፊልሙ በዚያው ሊያልቅ ይችላል ብለው ነው የጻፉት። ስድስተኛው ሲዝን ላይ የኮልሰንን ፊት የያዘ ሌላ ሰው መጣ፤ ሳርጅ ይባላል፣ ኮልሰን አይደለም። ሰባተኛው ላይ ደግሞ ትዝታውን የተጫነ ሰው ሠራሽ ኮልሰን መጣ። መጨረሻው ላይ ቀይ በራሪ መኪናው ውስጥ ገብቶ ወደ ሰማይ የሄደው ይሄኛው ነው። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለማሽን። የፍላሽ ዕቃ ለሆነ ሰው።

እና ሰውዬውስ? ሞቷል። ሰባት ዓመት፣ 136 ክፍል፣ 95 ሰዓት ፈጅቼ የደረስኩበትን ዳኛው 2013 ላይ በነጻ ነግሮኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ይህን ልነግረው ወሰንኩ። ከሰዓት በኋላ ካፌው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። አንድ የጎረቤት ልጅ መጥቶ «ሺልድን ጀመርኩት፣ ክፍል ሦስት ላይ ነኝ» አለ። ዳኛው ወንበሩን አስጠጋ። ያንን ነገር ሊል አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩት።

«ዳኛው፣ ልክ ነበርክ። ሰውዬው ሞቷል።»

ፊቱ በራ። ልጁ ደነገጠ፤ ለእሱ ይቅርታ። «ነገርኩህ እኮ!» አለ ዳኛው። «ስንት ጊዜ ነገርኩህ? አንተ ግን ደረቅ ነህ።» የማኪያቶውን አረፋ በማንኪያ እየዛቀ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እንደ ዘመድ ጠያቂ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ያ ልጅስ? ዋርድ። ደህና ነው?»

ልጁ አየኝ። ዳኛውም አየኝ።

«ደህና ነው፤ ሰላም ይልሃል» አልኩት።