የፕሮቶንን ቅርፅ የነገረን የተዘጋ ማሽን ነው

ፊዚክስ የተማርን ሁሉ ፕሮቶንን የምናውቀው ሰሌዳ ላይ በተሳለ ክብ ነው። ለስሌት ይመቻል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው።

የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሆነው ሰርን ውስጥ የሚጋጨው እያንዳንዱ የእርሳስ ኒውክለስ 208 ፕሮቶንና ኒውትሮን ይይዛል። ሁለቱ ሲላተሙ ፕሮቶንና ኒውትሮን የተሠሩባቸው ኳርኮችና እነሱን የሚያስተሳስሩት ግሉዎኖች ከእስራቸው ተፈትተው እጅግ የጋለ ፈሳሽ ይሆናሉ፤ ሲበርድም በሺዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ሆኖ ይበተናል። ብተናው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ፈሳሹ ሲፈጠር ሞላላ ከነበረ ቅንጣቶቹም በአንድ በኩል ይበረክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ታዲያ አንድ ፕሮቶን ብቻውን ከእርሳስ ጋር ሲጋጭም ይኸው ፍሰት ታየ። ፕሮቶኑን ክብ አድርጎ የተሠራ ስሌት ፍሰቱን ከተለካው በጣም አሳንሶ አወጣው።

ፍንጩ የተገኘው ሐምቡርግ ነው። ከከተማዋ ሥር የተዘረጋው፣ ዙሪያው 6.3 ኪሎ ሜትር የሆነው ሄራ የተባለ ማሽን ከ1992 እስከ 2007 ኤሌክትሮንን ከፕሮቶን ሲያጋጭ ኖሮ ተዘግቷል። በነዚያ ግጭቶች ጄ-ፕሳይ የተባለ ቅንጣት ይወለድ ነበር። ቅንጣቱ ሲወለድ ፕሮቶኑ ሳይሰበር ከቀረ አማካይ ቅርፁን ያሳየናል፤ ከተሰበረ ደግሞ ቅርፁ ከግጭት ግጭት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሄይኪ ማንቲሳሪና ቢዮርን ሼንከ በ2016 ያንን ልኬት ከስሌታቸው ጋር አስተያዩት። ክቡ ፕሮቶን አልገጠመም። ግሉዎኖቹ ሦስት ቦታ ተሰብስበው፣ ስብስቦቹም በየግጭቱ ቦታ የሚቀይሩበት ፕሮቶን ገጠመ። ሦስት የሚለው ቁጥር የመጨረሻ ቃል አይመስለኝም፤ መለዋወጡ ግን የሚካድ አይደለም። ይህንኑ ፕሮቶን ወደ እርሳሱ ግጭት ስሌት ሲያስገቡት ፍሰቱ ወደ ልኬቱ ቀረበ።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው የተነሣው ሄራ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ መልሱ የተገኘውም ልኬቱ ተጠብቆ ስለቆየ ነው። አሁን ተራው የአሜሪካው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ነው። በ2000 ሥራ የጀመረው የከባድ ኒውክለሶች ማጋጫ ስፍራውን ኤሌክትሮንን ከፕሮቶንና ከኒውክለስ ጋር ለሚያጋጭ አዲስ ማሽን ይለቃል። አዲሱ በጣም ያስፈልገናል፤ የፕሮቶንን መለዋወጥ ከሄራ በላይ አጥርቶ ያሳየናልና። ነገር ግን ለግንባታው ገንዘብ ሲመደብ የአሮጌው መረጃም የራሱን በጀት ማግኘት አለበት። መረጃውን ማከማቸት ብቻውን አይበቃም፤ የሚያነበው ሶፍትዌር መታደስ፣ መሣሪያው እንዴት ይለካ እንደነበር የሚያውቁት ሰዎችም ጡረታ ሳይወጡ እውቀታቸውን በጽሑፍ ማስፈር አለባቸው።