የስድስት ወር ዕዳ፣ የሦስት ወር ክስ

አንድ አከራይ አለ እንበል፤ ተከራዩ የስድስት ወር ኪራይ አልከፈለውም። አከራዩ ልደታ ይሄድና ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው በእጁ ያገኘውን የሦስት ወር ወረቀት ብቻ ያሳያል። ይከሳል፣ ይፈረድለታል፣ ገንዘቡንም ይቀበላል። ለቀረው ሦስት ወር ሌላ መዝገብ ሲያስከፍት ግን የተከራዩ ጠበቃ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለት ዋናው ክርክር ሳይሰማ ክሱ ይዘጋ የሚል ተቃውሞ፣ ያቀርባል። መዝገቡ ይዘጋል።

ዳኛው አልተሳሳቱም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 5 ፍርድ ያረፈበትን ነገር በዚያው ተከራካሪዎች መካከል ዳግም መክሰስን ይከለክላል። ቁጥር 216 ደግሞ ከአንድ ምክንያት የመነጨ ጥያቄ ተጠቃሎ በአንድ ክስ ይቅረብ፣ የተተወው ኋላ አይጠየቅም ይላል። እኔም ደጋፊው ነኝ። አንድ ጊዜ የተሟገተ ሰው ባላጋራው በተናደደ ቁጥር መጥሪያ ሊደርሰው አይገባም።

የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። በቁጥር 5 መሠረት በፊተኛው ክርክር ሊነሳ ይችልና ይገባ የነበረ ነገር እንደተነሳ ይቆጠራል። ተጠይቆ በፍርዱ ያልተፈቀደም እንደተነፈገ ይቆጠራል። ይህን ጠበቃ ያውቀዋል፤ ማመልከቻውን በገጽ ሒሳብ ያስጻፈው ሰው ከየት ያውቃል? «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። የሦስቱን ወር ነገር አንድም ዳኛ አላየለትም። ይግባኝ ይበል እንዳይባል፣ በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ አዲስ ነገር በይግባኝ አይሰማም።

መፍትሔው አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። ያው ሕግ በቁጥር 241 ክሱ በሚሰማበት ቀን ዳኛው ባለጉዳዮቹን በቃል እንዲጠይቁ ያዛል፤ በቁጥር 91 ደግሞ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ክስ እንዲሻሻል መፍቀድ ይችላሉ። «ከዚህ ተከራይ የምትጠይቀው ይኸው ብቻ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዳኛው ጠበቃ ሆኑ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ግን ተከራዩ ላይ የሌለበትን ዕዳ አይጨምርበትም፤ ሁለተኛውን መዝገብ፣ ሁለተኛውን የዳኝነት ክፍያና የወራት ቀጠሮ ግን ያስቀራል።

ትእዛዙም ግልጽ ይሁን። ከሳሹ እንደገና የመክሰስ መብቱ ተጠብቆለት የተዘጋውም፣ በቁጥር 5 ለዘለዓለም የተዘጋውም በመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ «ተዘግቷል» ነው የሚባለው። ከፊተኛው ክስ ወዲህ የደረሰው ኪራይ ለምሳሌ አዲስ ጉዳይ ነው፣ አይከለከልም። አከራያችን ግን የሰማው ያችኑ አንዲት ቃል ስለሆነ እሱንም ትቶ ቤቱ ተቀምጧል።